ባለሊጡ ሙሴ ደምሴ

መሞቱን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከከዚራ ወደ ሳቢያን እየሄድን የደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ስለ ሙቀቱ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ፣ «ያ ባለሊጡ መካኒክ ሞተ አሉ፤ ሰማህ?» አለኝ።

«የቱ ባለሊጥ?» አልኩት። አውቄ ነው የጠየቅኩት። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ድገመው የሚለው፣ ሲደገም ይለወጣል ብሎ ነው መሰለኝ።

«ሙሴ ደምሴ ነዋ! አቦ፣ ድሬ ላይ ስንት ባለሊጥ መካኒክ አለ?»

እውነቱን ነው። አንድ ነበር።

ጋራዡና የእኔ ታፒሰሪ ቤት ደቻቱ ዳር በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር የሚለያዩት። እኔ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ፤ እሱ የመኪና የፊት እግርና መሪ ይሠራል። ደምበኞቻችን አንድ ስለነበሩ አብረን ዋልን፣ አብረን ምሳ በላን፣ አብረን አረጀን ማለት ይቻላል። እኔ ሰው የማድነቅ ተሰጥኦ የለኝም። እናቴ እንኳን «ይሄ ልጅ መላእክት ቢመጡ ክንፋቸው ጠማማ ነው ይላል» ትለኝ ነበር። ሙሴ ደምሴን ግን አደነቅኩት። እሱም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ይጀነንብኝ ነበር።

«ሙሴ» ስሙ አይደለም። አባቱ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ከፈረንሳዮች ጋር የሠሩ ሰው ናቸው፤ እዚያ የተከበረ ሰው ሁሉ ሙሴ ነበር የሚባለው። አባትየው ሲያርፉ ልጅየው ማዕረጉን እንደ ቤትና ቦታ ወረሰው። ከደምሴ ጋር ቤት ስለሚመታ ድሬም ወደደችውና ቀረ። አንቱ ያለው ሰው ግን ይሰደብ ነበር። «አንቱታ ለደጋ ሰው ነው፤ እዚህ ሙቀቱ አይፈቅድም» ይላል።

ረጅምና ቀጭን ነበር። መካኒክ ሆኖ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ጠዋት ጠዋት ሽቶ ተቀብቶ፣ የሳር ባርኔጣውን ደፍቶ ይመጣና፣ ከመኪና ሥር ሊገባ ሲል ባርኔጣውን አውልቆ የዚያችው መኪና የጎን መስታወት ላይ ይሰቅለዋል። ባርኔጣዋ መስታወት ላይ ካለች ማንም ሰው መኪናዋን መንካት አይችልም፤ ባለቤቷም ቢሆን። ከሥር ሲወጣ ሸሚዙ ላይ የግሪስ ነጥብ ካየ ያ ቀን ለሁላችንም ተበላሸ ማለት ነው። ጉራውም ለብቻው ነው። «ድሬ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሁለት ነገር አለ፤ ሐዲዱና እኔ የሠራሁት መሪ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሐዲዱም ድሮ ነው» ብሎ ይጨምራል።

ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳ። እኛ አገር አሮጌ የፈረንሳይ መኪና አይሞትም፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። የዛሬ ልጆች ደግሞ የወረሱትን እንዳለ መንዳት አይሆንላቸውም። የድሮውን ሞተር አውጥተው ትልቅ ይከታሉ፣ ሰፊ ጎማ ያስራሉ፣ የፊቱን ሞላ ቆርጠው አፍንጫዋን ዝቅ ያደርጋሉ። ሲታይ ያምራል፤ ሐሰት አልናገርም፣ ለእንደዚህ ያሉት ነው ቀይ ቆዳ ወንበር የምሰፋው። ችግሩ ጎማው ሲዞር ነው። ትልቁ ሞተር ሆዱ ወደ ታች ይወርድና ከመሪው ዘንግ ጋር ይተሻሻል። ሰፊው ጎማ ደግሞ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነክሳል። መሪው እስከ መጨረሻው መዞር ሲኖርበት እምቢ ይላል። ሜዳ ላይ ይሄ ጭቅጭቅ ነው። ከእኛ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን ሞት ነው።

ሌሎች መካኒኮች መኪናዋን ግራና ቀኝ አዙረው፣ ከሥር አይተው፣ «ደህና ናት» ይላሉ። ሙሴ ደምሴ ግን ባዶ መኪና አይለካም። «ማንን ነው የምትጭንባት?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ «ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ አልፎ አልፎ አማቴን» ካለ፣ «በል አምጣቸው» ነው መልሱ። ዋሂል ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ከሆነ ጆንያውን እስከነ ሽንኩርቱ ያስመጣዋል። ሁሉም መኪናዋ ውስጥ ይሰገሰጋሉ፤ መኪናዋ ተጭና ወደ መሬት ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሊጡ የሚመጣው።

የዳቦ ሊጥ ነው፣ ጠንከር ያለ። ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባዋል። አንዱን ቁራሽ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል፣ ሌላውን በመሪው ዘንግና በሞተሩ ሆድ መሀል ይለጥፋል። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ግራ እስከ መጨረሻው፣ ቀኝ እስከ መጨረሻው እንዲያዞር ያዛል። ብረቱ ሊጡን ይጫነዋል። ሙሴ ያንን የተጨፈለቀ ሊጥ በቀስታ ልጦ ያወጣና፣ በጣም የሳሳውን ቦታ ፈልጎ ጣቱን አጠገቡ ያጋድማል። የሊጡ ውፍረት ጣቱን ካከለ መኪናዋ አለፈች። ካነሰ ትቀራለች። «ጣት ያልገባበት ነፍስ ይወጣበታል» ይል ነበር። ማንም ሰው፣ ምንም ቢለምን፣ ከዚያ ፍርድ ይግባኝ አልነበረውም።

በዚህ የተነሳ ያየነው ጉድ ብዙ ነው። አንድ ደምበኛ ከሚስቱ ጋር ቆሞ «ማንን ነው የምትጭንባት?» ሲባል ላብ አጠመቀው። «ብቻዬን ነኝ» አለ። ሙሴ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «የኋላው ሞላ እንደዚያ አይልም፤ ከኋላ በስተቀኝ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣል» አለው። ሚስትየዋ ከኋላ በስተቀኝ ተቀምጣ አታውቅም። የዚያን ዕለት ወሬ ድሬን ለሳምንታት አዳረሰ።

ሊጡ ከየት ይመጣል? ከሚስቱ ከእትዬ አልማዝ ነዋ። ቤታቸው ሳቢያን ነው፤ እትዬ አልማዝ ዳቦ ጋግራ ለሱቆች ታከፋፍላለች። ጠዋት አቡክታ ዘወር ስትል ሙሴ በፌስታል ቆርሶ ይወጣል። ጎበዝ፣ በዚህ ሊጥ የተነሳ የተጣሉት ጠብ! ጋራዡ ድረስ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰው፣ እህል ነው እኮ! ክርስቶስ ያየዋል! ጭቃ ጠፋ ደቻቱ ውስጥ?» ትለዋለች። እሱም ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳና፣ «ጭቃ ይሰነጠቃል የኔ እመቤት። ያንቺ ሊጥ ነው የማይዋሸው» ይላታል። እየተሳደበች ትሄዳለች። በማግስቱ ደግሞ ይሰርቃል።

አንድ ቀን ይሄን ነገር ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «አባቴ ፉርጎ ባዶውን ፈትሾ አሳልፎ አያውቅም። ግማሽ ሥራ ነው ይላል» አለኝ። ሌላ ታሪክ እጠብቅ ነበር፤ አልነበረውም። ይሄው ነው ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን የአብዲን መኪና ልንገራችሁ፤ ሙሴን ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

አብዲ የሰፈራችን ልጅ ነው። አያቱ ዕድሜ ልካቸውን ድሬ ሐረር የሠሩባት ሰማያዊ፣ ኋላዋ ረጅም፣ አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። እህቱ ሃያት ትንሽ ልጅ ሳለች አያትየው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ስትዳሪ በዚህች ነው የምትሄጂው» ይሏት ነበር። አያትየው ሞቱ፤ ሃያት አደገች፤ ባልዋ የሐረር ልጅ ሆነ። አብዲ ቃሉን ለመፈጸም ያለ የሌለ ጉልበቱን አፈሰሰ። ትልቅ ሞተር ከተተ፣ ሰፊ ጎማ አሰረ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገ። ወንበሯን እኔ ነኝ የሰፋሁላት። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ሙሴ ዘንድ ያመጣት ለአንዲት ትንሽ ጭርርታ ነው። «ትንሽ ዘይት ነገር አርግባትና ልሂድ» አለው።

ሙሴ መኪናዋን ዞራት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መስታወቷ ላይ ሰቀለ።

«ነገ ማን ነው የሚቀመጥባት?»

«ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿ፣ አክስቴ ዘይነባ። ሻንጣ።»

«አምጣቸው።»

«አቦ ተው እንጂ ሙሴ! ሙሽራ ጋራዥ ይመጣል እንዴ?»

መጣች። ሃያት እጆቿ ላይ ያለው ሂና እንዳይነካባት ወደ ላይ ይዛቸው፣ እየሳቀች መጣች። ሚዜዎቿም መጡ። አክስቷ ወይዘሮ ዘይነባ፣ እግዜር የሰጣት ሰፊ ሴትዮ፣ ከባጃጅ ስትወርድ ጀምራ ትጮሃለች፦ «ያ ረቢ! እኔ ጆንያ ነኝ የምጫነው? አንተ ሰውዬ፣ አላህን አትፈራም?» ሙሴ በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ንግሥት አስገባት። መኪናዋ እሷ ስትገባ አጓራች። ሁላችንም ሳቅን።

ሊጡን ለጠፈ። አብዲ መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ከሥር ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ሙሴ ሊጡን አወጣና ሁላችንም እንድናየው መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ለሁለት ተቆርጦ ነበር። የመሪው ዘንግ ከሞተሩ ሆድ ጋር እስኪነካካ ድረስ ቆርጦታል።

«ባዶዋን ስትሆን ይሄ የለም» አለ። «ስትጫን ግን አለ። ነገ ደንገጎ ላይ ወደ ግራ ትዞርና መሪው እዚህ ይቆማል። መንገዱ ግን አይቆምም።»

አብዲ ፊቱ ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሰርጉን አሰበ መሰለኝ ተቆጣ። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ! ወላሂ እየተሳብኩ እሄዳለሁ! ነገ ነው እኮ ሙሴ፤ ቁልፉን ስጠኝ!» ሙሴ ቁልፉን ነጭ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ኪሱን ቆለፈው። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። ደንገጎ ላይ የሚለቀመው ሌላ ነው» አለው። አብዲ እኔ የማልደግመውን ስድብ ተሳደበ። ሌላ መኪና ይከራይ አለ አንዱ። ያኔ ሃያት ከኋላ ወንበር ሆና፣ ሂና ያለበትን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እኔ በአያቴ መኪና ነው የምሄደው» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ሙሴ ሰምቷታል። ዞር ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ፀሐይዋን አየ።

ያን ቀን ያየሁትን ሥራ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። የተቆረጠውን ሞላ አወጣና ጋራዡ ጓሮ ከወደቀች ሌላ መኪና ሙሉውን ፈቶ ከተተ። አብዲ፣ «ዝቅ ማለቷ ነው እኮ ውበቷ» ሲል፣ «ማጎንበስ ለሙሽራ ነው፤ መኪና ቀና ይበል» አለው። ይሄ ጎማውን ከፓራፋንጎው አዳነው፤ ዘንጉ ግን አሁንም ቀረበ። የጎማውን አዟዟር በብሎን መገደብ ይቻል ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። «እኔ መሪውን ልገድበው እችላለሁ፤ ደንገጎን ማን ይገድበዋል?» አለና ተወው። ከዚያ ሞተሩን ራሱን ከመቀመጫው ሊያነሳው ወሰነ። ከከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ላይ ትራስ ቁረጥልኝ አለኝ፤ በቆዳ ቢላዬ ቆረጥኩለት፤ ለካው፣ አልወደደውም፣ እንደገና አስቆረጠኝ። ሞተሩ ከፍ ሲል ደግሞ ከላይ ኮፋኖውን ነካ። እንደዚህ ነው ይሄ ሥራ፤ አንዱ ጋ ቦታ ስትሰጠው ከሌላው ትቀማለህ። ሙሴ አልተበሳጨም። ኮፋኖው ሥር ሊጥ ለጠፈ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ አየ፣ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ገልብጦ አሰረና እንደገና ለጠፈ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት ነበር። ከመርፌዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ያንኑ ነው፦ ረጅም ሰውዬ፣ ጣቱ ሊጥ ላይ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿንና አክስቷን መልሰው ጠሯቸው። ወይዘሮ ዘይነባ የሰርጉን ሩዝ ጥላ ነው የመጣችው፤ የተናገረችውን ለመጻፍ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ገቡ። መኪናዋ ወረደች። መሪው ግራ ዞረ፣ ቀኝ ዞረ፤ ምንም ድምፅ የለም። ሙሴ ሊጡን አወጣና ጣቱን አጋደመ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለአብዲ ወረወረለት፤ ባርኔጣውንም ከመስታወቱ አንስቶ ደፋ። ሸሚዙ መሀል ላይ ትልቅ የግሪስ እድፍ ነበር። እሱ ግን አላየውም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በሰርጉ ማግስት አብዲ አንድ ሳህን ሙሸበክ፣ የሰርጉን ጣፋጭ፣ ይዞ ጋራዡ መጣ። ሙሴ አጠገብ ተቀመጠ። ወሬውን ቀድማ ያደረሰችን አክስቱ ናት። ደንገጎ ላይ፣ ወደ ግራ ከሚታጠፉት ጠመዝማዛዎች አንዱ ጋ፣ አንድ የጭነት መኪና የእነሱን መስመር ይዞ ሲመጣባቸው አብዲ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አሽከርክሮት ነበር። በቀኝ ገደል ነው። መኪናዋ ዞረች። ወይዘሮ ዘይነባ ይሄን ስትነግረን ስትጮህ ያልሰማኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሙሴ ሙሸበኩን ቀመሰና አብዲን፣ «ድምፅ ነበራት?» አለው።

«የለም።»

«ጎሽ። በል ሳህኑን ለእናትህ መልስ።»

እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ያንን ረጅም ሰውዬ አየሁት። የሰው ነፍስ በአንድ ጣት ቦታ ውስጥ እንደምታልፍ የሚያውቅ፣ ያቺን ቦታ ደግሞ በሚስቱ ሊጥ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አጠገብ ነው ስቀመጥ የኖርኩት።

የሞተው በእንቅልፉ ነው። ባጃጁ ሳቢያን ሲያደርሰኝ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ጓሮ ሴቶቹ ለለቀስተኛው የሚሆን ዳቦ ያቦካሉ። ሬሳውን የሚወስድ መኪና ማን ያምጣ ሲባል አብዲ ማንንም አላስጨረሰም። ሰማያዊዋን አጥቦ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ መጣ። የኋላ ወንበሯን ያጠፍኩለት እኔ ነኝ፤ ስፌቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሳጥኑን ከኋላ አስገባነው። የሙሴ ወንድሞች እንደምንም ከሳጥኑ ጎን ተጨናንቀው ገቡ። እኔ ከፊት ገባሁ። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው እንሂድ አሉ።

አብዲ ሞተሩን አላስነሳም። ወረደ። ዞሮ እኔ ጋ መጣና፣ «መሪው ጋ ተሻገር» አለኝ። ከዚያ በዚያ ነጭ ልብሱ አቧራው ላይ ተንበረከከ።

«ምን እየሆነ ነው? ቀብር ነው እኮ!» አለ አንዱ።

«እሱን ጭኜ ሳልለካ አልሄድም» አለ አብዲ ከታች። «ሊጥ አምጡልኝ።»

ምን ዓይነት ድፍረት ነው የሚሉም ነበሩ፤ በዓይናቸው አየሁት። ያኔ ድንኳኑ ጋ ሰው ወዲያና ወዲህ ተከፈለና እትዬ አልማዝ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። በመዳፏ የያዘችው ሊጥ ነው፤ ዘይት ቀብታዋለች። ማንም ሳይነግራት። አብዲ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። እሷም እዚያው ቆመች።

አብዲ ከሥር ለጠፈ። «ግራ» አለኝ። አዞርኩ፣ እስከ መጨረሻው። «ቀኝ።» አዞርኩ። ከኋላዬ ሙሴ ደምሴ ተኝቷል፤ መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫናት እሱ ነው። ከሥር ምንም ድምፅ አልመጣም።

አብዲ ሊጡን ልጦ ተነሳ። ነጩ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ቆሽሿል። ጣቱን አላጋደመም። ሄዶ እትዬ አልማዝ ፊት ቆመና መዳፉን ዘረጋላት። እሷ የሳሳውን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። የቀለበት ጣቷን አጠገቡ አጋድማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይገባል» አለች። «በሉ ውሰዱት።»